የመንግሥት መሥሪያ ቤት አድራሻ በማን ስም ይመዝገብ? ለዶሜይን ስም ኃላፊዎች የቀረበ ግልጽ ደብዳቤ

ለመንግሥት ተቋማት የዶሜይን ስም (የድረ ገጽ አድራሻ) ለምትመዘግቡ፣ ለምትፈቅዱና መመሪያ ለምታወጡ የሥራ ኃላፊዎች
ባላችሁበት

ጉዳዩ፦ በጎቭ ዶት ኢቲ (gov.et) ሥር ለሚመዘገቡ የመንግሥት አድራሻዎች ወጥና ይፋ የሆነ ደንብ እንዲወጣ ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣

እኛ በክልል ቢሮዎች፣ በዞን መምሪያዎች፣ በከተማ አስተዳደሮችና በወረዳ ጽሕፈት ቤቶች የምንሠራ የመረጃና ኮሙኒኬሽን ቴክኖሎጂ ባለሙያዎች ነን። ይህን ደብዳቤ በግልጽ እንድንጽፍ ያስገደደን፣ በየመሥሪያ ቤታችን በኩል ያቀረብናቸው ጥያቄዎች መልስ ሳያገኙ መቅረታቸውና፣ በዚህ መካከል አንድ የዞን መምሪያ ለዓመታት ሲገለገልበት የቆየው የድረ ገጽ አድራሻ የስፖርት ውርርድ ማስታወቂያ ሆኖ መገኘቱ ነው። መምሪያው ይህን አድራሻ በደብዳቤው ራስጌ፣ በሠራተኞቹ መታወቂያ፣ በበሩ ላይ ባለው ታፔላና ለሕዝብ ባሰራጫቸው ቅጾች ላይ አሳትሞታል። ዛሬ ቅጽ ለማውረድ አድራሻውን የሚጽፍ ባለጉዳይ የሚጠብቀው የእግር ኳስ ውርርድ ነው፤ ታፔላው ግን እስካሁን አልወረደም።

ጥፋቱ የአንድ ግድየለሽ ሠራተኛ ተደርጎ ተወስዶ ፋይሉ እንዳይዘጋ፣ ነገሩ እዚህ እንዴት እንደ ደረሰ በዝርዝር ማስረዳት ያስፈልጋል። መምሪያው በመጀመሪያ የጠየቀው በጎቭ ዶት ኢቲ ሥር አድራሻ እንዲሰጠው ነበር። የላከው ደብዳቤ «በበላይ መሥሪያ ቤት በኩል ይቅረብ» ተብሎ ተመለሰ። የበላይ መሥሪያ ቤቱ በበኩሉ የዞን መምሪያዎች የራሳቸው አድራሻ ይኑራቸው አይኑራቸው የሚል መመሪያ በእጁ ስላልነበረ ጉዳዩን «ይጠና» ብሎ አስቀመጠው። በዚህ መካከል ድረ ገጹ የሚመረቅበት ቀን ተቆርጦ እንግዶች ተጠርተው ነበር። ስለዚህ አንድ ባልደረባችን በዶላር የሚከፍል ካርድ ያለውን፣ አሜሪካ የሚኖር ዘመዱን አስቸግሮ በኮም የሚያልቅ አድራሻ አስገዛ። ዘመድየው የከፈለው በቅንነት ነው፤ ነገር ግን ምዝገባው በእሱ ስምና በእሱ ኢሜይል ስለተፈጸመ መምሪያው የአድራሻው ባለቤት ሆኖ አያውቅም። ባልደረባችን ወደ ሌላ ዞን ተዛወረ፣ የዘመድየው ካርድ ጊዜው አለፈ፣ የእድሳት ማስጠንቀቂያዎቹም ማንም በማያየው የኢሜይል ሣጥን ውስጥ ሲጠራቀሙ ከረሙ። በኮም ሥር ያለ ስም ሳይታደስ ቀርቶ በመዝጋቢው ሲሰረዝ፣ ባለቤቱ መልሶ የሚያስመልስበት 30 ቀን ይሰጠዋል፤ ከዚያ በኋላ 5 ቀን ቆይቶ ለፈለገ ሁሉ ክፍት ይሆናል። ቀድሞ ጎብኚ የነበራቸውን ስሞች አድፍጠው የሚገዙ ነጋዴዎች ደግሞ በዓለም ላይ ሞልተዋል።

ይህ የሆነው ሀገራችን የራሷ መለያ አጥታ አይደለም። ኢቲ የተባለው የሀገር መለያ ለኢትዮጵያ የተመደበው እ.ኤ.አ. በ1995 ሲሆን፣ መዝገቡ በኢትዮ ቴሌኮም ይተዳደራል። ከሥሩም ለመንግሥት ጎቭ ዶት ኢቲ፣ ለትምህርት ኢዲዩ ዶት ኢቲ፣ ለንግድ ኮም ዶት ኢቲ እየተባለ ተከፍሏል። የጎቭ ዶት ኢቲ ዋጋ፣ ማንም ግለሰብ ገንዘብ ስላለው ብቻ ሊይዘው የማይገባ በመሆኑ ላይ ነው። ለምሳሌ የኤሌክትሮኒክ ቪዛ የሚሰጥበት ገጽ በጎቭ ዶት ኢቲ ሥር በመሆኑ፣ ስሙን አስመስለው በኮምና በኦርግ ከሚከፈቱ የደላላ ገጾች የሚለይበት ግልጽ ምልክት አለው። ብዙ ሰው የሚተማመንበት በአሳሹ ጫፍ ላይ ያለው የቁልፍ ምልክት ግን ግንኙነቱ መመስጠሩን እንጂ የገጹን ባለቤት ማንነት አያረጋግጥም፤ የውርርዱ ገጽም ቁልፍ አለው።

የሀገር መለያዎች የሚመሩበት መሠረታዊ ሰነድ ከኢንተርኔት መሥራቾች አንዱ የሆነው ጆን ፖስቴል እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1994 ያወጣው ነው። በዚያ ሰነድ መሠረት የአንድ ሀገር መለያ አስተዳዳሪ ለሀገሩ ሕዝብም ሆነ ለዓለም የኢንተርኔት ማኅበረሰብ ባለአደራ ነው፤ ስለ መብትና ስለ ባለቤትነት ከመከራከር ይልቅ ስለ ኃላፊነትና ስለ አገልግሎት ማሰብ እንዳለበትም ሰነዱ ያስገነዝባል። በሀገራችን ሕግ በኩልም መሠረቱ አለ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ እንዲሆን ያዛል፤ አዋጅ ቁጥር 590/2000 የመንግሥት አካላት መረጃ ለሕዝብ የማድረስ ግዴታ እንዳለባቸው ይደነግጋል፤ የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 እና የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ አገልግሎቱም የዜጋው መረጃም ወደ ኢንተርኔት እየሄደ መሆኑን ያሳያሉ። እነዚህ ሁሉ ተፈጻሚ የሚሆኑት በአንድ አድራሻ ላይ ነው። ስለ አድራሻው ራሱ ግን እኛ እጅ የደረሰው ነገር፣ የማመልከቻ ደብዳቤ፣ ማኅተምና ክፍያ ይቅረብ ከሚል የዘለለ አይደለም።

የመጀመሪያው ቅሬታችን ለአድራሻው ብቁ የሆነው ማን እንደሆነ በግልጽ አለመታወቁ ነው። ሚኒስቴር መሥሪያ ቤት መሆኑ አያከራክርም። ወረዳስ? ቀበሌስ? የማስተማሪያ ሆስፒታል በኢዲዩ ሥር ይግባ ወይስ በጎቭ ሥር? የመንግሥት የልማት ድርጅት የሚነግድ በመሆኑ በኮም ዶት ኢቲ ይመዝገብ ወይስ ንብረቱ የሕዝብ በመሆኑ ሌላ ቦታ ይኑረው? በብድርና በእርዳታ የሚካሄድ የአምስት ዓመት ፕሮጀክት የራሱ ስም ይሰጠው ወይስ በአስፈጻሚው መሥሪያ ቤት አድራሻ ሥር ይደር? እኛ ባለንባቸው ቦታዎች የእነዚህ ጥያቄዎች መልስ እንደ ጠያቂው ማንነትና እንደ አመልካቹ ትውውቅ ሲለያይ አይተናል። አንድ የከተማ አስተዳደር ተፈቅዶለት፣ በሕዝብ ብዛት የሚበልጠው ጎረቤቱ የተከለከለበት አጋጣሚ አለ። የተከለከለውም ምክንያቱ በጽሑፍ አልተሰጠውም።

በዚሁ ላይ በተለይ እንዲታሰብበት የምንፈልገው የፍርድ ቤቶችና የምክር ቤቶች ጉዳይ ነው። አመልካቹ ሁሉ ከበላይ አስፈጻሚ አካል የድጋፍ ደብዳቤ ያምጣ የሚል አሠራር ለአንድ ጽሕፈት ቤት ይመች ይሆናል። ፍርድ ቤት ግን ለአድራሻው ሲል የአስፈጻሚውን ይሁንታ መለመን የለበትም፤ የምርጫ ቦርድም፣ የእንባ ጠባቂና የሰብዓዊ መብት ተቋማትም እንዲሁ። ይህ ልዩነት በደንቡ ውስጥ በስም ተጠቅሶ መግባት ይኖርበታል እንጂ ለመዝጋቢው ሠራተኛ አስተዋይነት የሚተው አይደለም።

ሁለተኛው ቅሬታችን ስለ ስያሜ ነው፤ ይህ ከሩቅ ለሚያየው ትንሽ ነገር ይመስላል፣ እኛን ግን በየቀኑ የሚያደክመን እሱ ነው። ሀገራችን ፌዴራላዊ እንደ መሆኗ የጤና ቢሮ በየክልሉ አለ፣ የጤና ጽሕፈት ቤት በየወረዳው አለ። አጭሩንና ያማረውን ስም ቀድሞ ያመለከተው ሲወስደው፣ ኋላ የመጣው ማንም በማይገምተው ምሕጻረ ቃል ይቀራል። አብዛኞቹ አድራሻዎች የእንግሊዝኛ ስያሜ የመጀመሪያ ፊደላት ስብስብ በመሆናቸው፣ ከተገልጋዮቻችን ውስጥ መሥሪያ ቤቱን በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ ወይም በሶማሊኛ ስሙ ብቻ የሚያውቀው ሰው አድራሻውን ሊገምት የሚችልበት መንገድ የለም። ስሙን ለማስታወስ እኛም እንቸገራለን፣ እውነት ለመናገር።

የከተሞችና የወረዳዎች ስም በላቲን ፊደል ሲጻፍ ደግሞ ችግሩ ይብሳል። «ቀ» በአንዱ ዘንድ በኬ፣ በሌላው በኪው ይጻፋል። የጅማን «ም» አንዱ ያጠብቃል፣ ሌላው በነጠላ ይተዋል። ሐዋሳ በኤች ይጀምር ወይስ እንደ ቀድሞው አጻጻፍ በኤ፣ ደብረ ማርቆስ አንድ ቃል ይሁን ወይስ ሰረዝ ይግባበት፣ ባሕር ዳር ላይ «ሕ» ትጻፍ ወይስ ትዋጥ፣ ሁሉም በአመልካቹ ምርጫ ያድራል። አንድ የከተማ አስተዳደርና በሥሩ ያለ ጽሕፈት ቤት የከተማውን ስም በሁለት ዓይነት አጻጻፍ አስመዝግበው፣ ባለጉዳዮች አንዱን ገጽ ሐሰተኛ ነው ብለው ለፖሊስ ጥቆማ ያቀረቡበት ጊዜ ነበር። ጥቆማው ስሕተት ቢሆንም ጥርጣሬያቸው ጤናማ ነው፤ የተደባለቀ አጻጻፍ ባለበት ቦታ ለአጭበርባሪ አንዲት ፊደል ብቻ ትበቃዋለችና። በዚህ ረገድ የማሊ ነገር ትምህርት ይሆናል፦ የሀገሪቱ መለያ ኤም ኤል ከአሜሪካ ጦር መለያ ከኤም አይ ኤል የሚለየው በአንዲት ፊደል በመሆኑ፣ ለጦሩ የተላኩ እጅግ ብዙ መልእክቶች በስሕተት ወደ ማሊ ሲሄዱ መቆየታቸው እ.ኤ.አ. በ2023 በጋዜጣ ተዘግቧል። መለያውን ለዓመታት ያስተዳድር የነበረውም የማሊ መንግሥት ሳይሆን የኔዘርላንድስ ድርጅት ነበር።

ሌሎች ሀገሮች ይህን ደንብ አውጥተው ፈትተውታል። በአሜሪካ በጎቭ ሥር የሚመዘገቡ አብዛኞቹ ከተሞች የግዛታቸውን ስም ወይም ምሕጻረ ቃል እንዲጨምሩ ይጠበቃል፤ በብሪታንያ ትንንሽ የአጥቢያ ምክር ቤቶች ስያሜያቸው የምክር ቤቱን ዓይነት እንዲገልጽ ይጠየቃሉ። እኛም ክልል፣ ከዚያ ዞን ወይም ከተማ፣ ከዚያ መሥሪያ ቤት የሚል ቅደም ተከተልና አንድ የፊደል መተኪያ ሠንጠረዥ ቢኖረን ግማሹ ክርክር ይቀራል። የኢትዮጵያ ፊደል በዶሜይን ስም ላይ የሚውልበት የዓለም አቀፉ መዝገብ ደንብ እ.ኤ.አ. በ2017 መውጣቱን፣ እንደ «ሀ» እና «ሐ»፣ «ሰ» እና «ሠ» ያሉ ሞክሼ ፊደላትም በዚያ ደንብ መታሰባቸውን እናውቃለን። በራሳችን ፊደል የሚጻፍ አድራሻ የሚመጣበት ቀን ቢቀርብ ደስታችን ነው፤ የላቲኑ ዝብርቅርቅ ሳይጠራ ወደዚያ መሄድ ግን ሁለት ዝብርቅርቅ ማፍራት ይሆናል።

ሦስተኛውና ዋናው ቅሬታችን አድራሻው በማን ስም እንደሚመዘገብ የሚመለከት ነው። መሥሪያ ቤት የገዛው ወንበር እንኳ በሞዴል 19 ገቢ ሆኖ፣ በሞዴል 22 ወጪ ተደርጎ፣ ቁጥር ተለጥፎበት በንብረት መዝገብ ላይ ይሰፍራል። ዶሜይን ግን በመጋዘን አይገባምና የንብረት ክፍል አያውቀውም። ሠራተኛ ሲለቅ ክሊራንስ ለመጨረስ በቤተ መጻሕፍት፣ በንብረት ክፍልና በፋይናንስ በኩል እየዞረ ያስፈርማል፤ የድረ ገጹን የይለፍ ቃል አስረክበሃል ወይ ብሎ የሚጠይቀው ግን የለም። ከመካከላችን ከለቀቁበት መሥሪያ ቤት እስከዛሬ የእድሳት ማስታወቂያ በግል ስልካቸው የሚደርሳቸው አሉ። ቅን ሰው ከሆነ ደውሎ ይናገራል። ከአለቃው ጋር ተጣልቶ የወጣ ከሆነስ?

ከዚህ የከፋው ድረ ገጹን የሠራው የግል ድርጅት አድራሻውን በራሱ ስም ያስመዘገበበት ሁኔታ ነው። አንድ የክልል ተቋም ድረ ገጹን ከሠራው ድርጅት ጋር በክፍያ ባለመግባባቱ አድራሻው ተዘግቶበት፣ የጨረታ ማስታወቂያ የሚያወጣበት ገጽ ባጣበት ወቅት ማስታወቂያውን በግለሰብ የቴሌግራም ቻናል ለማሠራጨት ተገድዷል። ውሉን ስናየው ስለ ቀለሙና ስለ ምስሎቹ ብዛት ብዙ ይላል፤ የዶሜይኑ ባለቤት ማን ነው በሚለው ላይ ግን አንዲት መስመር የለችበትም። በብሪታንያ ደንብ የተመዝጋቢነት ኃላፊነት በተቋሙ ውስጥ ላለ የበላይ ሰው እንጂ ለአቅራቢ ድርጅት አይሰጥም፤ መገናኛ ኢሜይሉም የግለሰብ ሳይሆን የሥራ መደብ እንዲሆን ይመከራል። ይህን ለመደንገግ ገንዘብ አያስፈልግም። አንድ አንቀጽ ይበቃል።

ኢሜይልም የዚሁ ጉዳይ ሌላ ፊት ነው። አድራሻው ያልተደላደለ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ የሚለዋወጠው በጂሜይልና በያሁ ነው። በአንድ ወረዳ ጽሕፈት ቤት የቀድሞው ኃላፊ ሲነሳ ጂሜይሉም አብሮት ሄደ፤ የሁለት ዓመት የደብዳቤ ልውውጥ ከውስጡ ነበር። ፌስቡክና ቴሌግራም አለን፣ ለወረዳ ዶሜይን ምን ያደርግለታል የሚሉ ኃላፊዎች ገጥመውናል። መልሳችን አጭር ነው፦ የፌስቡክ ገጽ የከፈተው ሰው ንብረት ነው፣ በስሙ አስመስሎ ሌላ ገጽ መክፈት የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው፣ ዜጋውም የትኛው እውነተኛ እንደሆነ የሚያረጋግጥበት ብቸኛ ቦታ የመሥሪያ ቤቱ የራሱ አድራሻ ነው።

አራተኛው፣ የአመልካቹ ማንነት የሚረጋገጥበት መንገድ ነው። ራስጌ ያለው ወረቀት፣ ቁጥርና ማኅተም ከተሟላ ጉዳዩ አለቀ የሚል ልማድ አለን። እ.ኤ.አ. በ2019 በአሜሪካ አንድ ሰው በሮድ አይላንድ ግዛት የምትገኝ ኤክሰተር የምትባልን ትንሽ ከተማ ራስጌ ወረቀት ከኢንተርኔት አውርዶ፣ ራሱን ከንቲባ አድርጎ፣ በነጻ የስልክ ቁጥርና በጂሜይል አመልክቶ የጎቭ አድራሻ ተሰጥቶታል፤ ዓላማው ቀዳዳውን ማሳየት ስለነበር ጉዳዩን ራሱ ለጋዜጠኛ አሳወቀ። ከዚያ በኋላ የአሜሪካ መዝጋቢ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. ከመጋቢት 2020 ጀምሮ የፈቃድ ደብዳቤው ፊርማ በውል አረጋጋጭ ፊት እንዲረጋገጥ አዘዘ። እኛ ዘንድ የተሰረቀ ማኅተም አዲስ ነገር አይደለም፤ ራስጌውም በየፎቶ ኮፒ ቤቱ ኮምፒውተር ላይ ተቀምጧል። መዝጋቢው ቢያንስ አስቀድሞ በሚያውቀው ስልክ ለመሥሪያ ቤቱ ደውሎ ማረጋገጥ አለበት። ይህን ስንል በየደረጃው ተጨማሪ ፊርማ ይጨመር ማለታችን አይደለም፤ የወረቀቱ ብዛት ሐቀኛውን ሲያባርር አጭበርባሪውን እንዳልከለከለ የመጀመሪያው ታሪካችን ያሳያል።

ስለ ክፍያና እድሳት ባጭሩ እንናገር። የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ቀን ይጀምራል። በሐምሌና በነሐሴ የሚታደስ አድራሻ ያለው መሥሪያ ቤት በጀቱ እስኪለቀቅ፣ የግዥ ክፍሉ ፕሮፎርማ እስኪሰበስብ (አድራሻውን የሚያድሰው አንድ አካል ብቻ መሆኑን እያወቀ ሦስት ፕሮፎርማ የሚጠይቅ ኦዲተር ገጥሞናል) ድረ ገጹ ይጠፋል። የተማሪዎች ምደባና የቅጥር ማስታወቂያ የሚወጣበት ወቅትም ይኸው የክረምት ጊዜ ነው። አሜሪካ ቀድሞ በዓመት 400 ዶላር ታስከፍልበት የነበረውን የጎቭ አድራሻ እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2021 ጀምሮ በሕግ ለተፈቀደላቸው የመንግሥት አካላት ነጻ አድርጋዋለች፤ ያደረገችውም ትንንሽ ከተሞች ወደ ኮም እንዳይሸሹ ነው። የእኛ ክፍያ ብዙ ነው ብለን አናማርርም። የሚያማርረን ትንሹን ክፍያ ለመክፈል የሚጠይቀው መንገድ ርዝመት ነው።

የመጨረሻው ቅሬታችን መሥሪያ ቤቶች ሲዋሐዱ፣ ሲከፈሉና ሲፈርሱ አድራሻቸው ምን እንደሚሆን አለመደንገጉ ነው። በአዋጅ ቁጥር 1097/2011 የንግድና የኢንዱስትሪ ሚኒስቴሮች አንድ ሆኑ፤ በአዋጅ ቁጥር 1263/2014 ደግሞ ተለያዩ። የሳይንስና ከፍተኛ ትምህርት ሚኒስቴር በመጀመሪያው አዋጅ ተቋቁሞ በሁለተኛው ቀረ። የሠራተኛና ማኅበራዊ ጉዳይ የነበረው ሥራ ወደ ሁለት ሚኒስቴሮች ተከፈለ። በክልል ደረጃም ሲዳማ በ2012፣ ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ በ2014 ክልል ሆኑ፤ በ2015 ማዕከላዊ ኢትዮጵያና ደቡብ ኢትዮጵያ ሲቋቋሙ የቀድሞው የደቡብ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ክልል በስሙ መኖሩ አበቃ። የአስተዳደር አወቃቀር መለወጥ የመንግሥት ሥልጣን ነው፣ በዚያ ላይ የምንለው የለም። ነገር ግን በእያንዳንዱ ለውጥ ወቅት ሰነዶች አድራሻ ያጣሉ። ጠበቆች በክስ ማመልከቻ ላይ የጠቀሱት መመሪያ፣ ተመራማሪዎች በጥናታቸው ያመለከቱት ሪፖርት፣ ነጋዴዎች ዕልባት ያደረጉት ቅጽ፣ ሁሉም ገጹ አልተገኘም ወደሚል ነጭ ስክሪን ይመራሉ። አንድ የፈረሰ ቢሮ ድረ ገጽ ያለበት ሰርቨር እንዲጠፋ ሲታዘዝ፣ የዐሥር ዓመት የደንብና የመመሪያ ክምችት አብሮ እንዳይጠፋ አንድ ባልደረባችን በራሱ ሃርድ ዲስክ ላይ ገልብጦ ወደ ቤቱ ወስዶታል። ያደረገው ነገር በመመሪያ የተፈቀደ አይደለም። ባያደርገው ኖሮ ግን ዛሬ ያ ሰነድ የትም አይገኝም ነበር።

ስለዚህ የሚከተለውን እንጠይቃለን።

በጎቭ ዶት ኢቲ ሥር ለመመዝገብ ብቁ የሆኑትን ተቋማት፣ ከፌዴራል እስከ ወረዳ፣ በዓይነት የሚዘረዝር ደንብ በአማርኛና በክልሎች የሥራ ቋንቋዎች ታትሞ ለሕዝብ ይፋ ይሁን። ፍርድ ቤቶች፣ ምክር ቤቶችና ነጻ ተቋማት ያለ አስፈጻሚ አካል ፈቃድ በቀጥታ የሚያመለክቱበት አንቀጽ ይኑረው። ማመልከቻ በተወሰነ የሥራ ቀን ውስጥ እንዲመለስ፣ የተከለከለም ምክንያቱ በጽሑፍ ተሰጥቶት ቅሬታ የሚያቀርብበት አካል እንዲኖር ይደንግግ።

የስያሜ ቅደም ተከተልና የፊደል መተኪያ ሠንጠረዥ ይዘጋጅ፤ ሲዘጋጅም የቋንቋ ባለሙያዎችና ክልሎች ይሳተፉበት። አጠቃላይ የሆኑ አጭር ስሞች ለአንድ መሥሪያ ቤት እንዳይሰጡ ይከልከል።

ተመዝጋቢው ተቋሙ ራሱ እንዲሆን፣ ኃላፊነቱ በሥራ መደብ እንጂ በግለሰብ ስም እንዳይያዝ፣ የድረ ገጽ ሥራ ውሎች ሁሉ የባለቤትነት አንቀጽ እንዲኖራቸው፣ ዶሜይን በቋሚ ንብረት መዝገብ ላይ እንዲሰፍርና በክሊራንስ ቅጽ ላይ አንድ ሣጥን እንዲጨመርለት እንጠይቃለን። አሁን በግለሰቦችና በአቅራቢ ድርጅቶች ስም ያሉት አድራሻዎች ወደ ተቋማቱ የሚዛወሩበት የአንድ ጊዜ የምሕረት ወቅት ቢታወጅ፣ ብዙዎቹ በፈቃዳቸው እንደሚያስረክቡ እናምናለን።

የእድሳት ክፍያ በየመሥሪያ ቤቱ ከሚፈጸም በፌዴራልና በክልል ደረጃ በአንድ ላይ ይከፈል፣ ወይም ይቅር። በክፍያ መዘግየት ምክንያት የመንግሥት አድራሻ ከአገልግሎት ውጭ አይሁን።

የፈረሰ ወይም የተዋሐደ መሥሪያ ቤት አድራሻ ለተወሰኑ ዓመታት ወደ ተኪው ገጽ እንዲመራ፣ ስሙም ለሌላ አካል እንዳይሰጥ፣ ሰነዶቹ ወደ ቤተ መዛግብት እንዲተላለፉ ይደንገግ። አዲስ የአስፈጻሚ አካላት አዋጅ ሲረቀቅም ስለ ዲጂታል አድራሻና ሰነድ አንድ የመሸጋገሪያ ድንጋጌ ይግባበት።

በመጨረሻም በጎቭ ዶት ኢቲ ሥር ያሉ አድራሻዎች ሙሉ ዝርዝር ለሕዝብ ክፍት ይሁን። አሜሪካና ብሪታንያ የራሳቸውን ዝርዝር ያትማሉ። አንድ እናት የልጇን የትምህርት ማስረጃ የምታስገባበት ገጽ የመንግሥት መሆን አለመሆኑን በዚያ ዝርዝር ማረጋገጥ ትችላለች፤ እኛም የትኛው መሥሪያ ቤት አድራሻ እንደሌለው እናውቃለን።

ደንቡ ሲረቀቅ ከየደረጃው የተውጣጡ ባለሙያዎች እንዲጠሩ፣ ረቂቁም ከመጽደቁ በፊት ለአስተያየት ክፍት እንዲሆን እየጠየቅን፣ መልሳችሁን በዚሁ በግልጽ መንገድ እንጠባበቃለን።

ከሠላምታ ጋር

በክልል፣ በዞን፣ በከተማና በወረዳ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የምንሠራ የመረጃና ኮሙኒኬሽን ቴክኖሎጂ ባለሙያዎች

ግልባጭ፦
ለክልል መስተዳድር ጽሕፈት ቤቶች
ለመንግሥት ንብረት አስተዳደርና ግዥ ኃላፊዎች
ለቤተ መዛግብት ኃላፊዎች